እንግዳ ወይስ ባለቤት? የ1966ቱ 13 ጥያቄዎችና አራት ቃላት

 

በየሥልጠናው፣ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አራት ቃላት አይጠፉም፤ እኩልነት፣ ፍትሐዊነት፣ ብዝኃነት፣ ማኅበራዊ ፍትሕ። አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋቸዋል፤ ፈተና ላይም ጽፋችኋቸዋል። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብላችሁ ስትጠይቁን ግን ከመዝገበ ቃላት ይልቅ አንድ ቀን ልናስታውሳችሁ እንመርጣለን። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

በዚያች ቅዳሜ 100,000 ገደማ የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ወጣ። አብዛኛው ሙስሊም ነበር፤ ጥያቄውን የደገፉ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። በሰልፉ ሰሞን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለልጅ እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት 13 ጥያቄዎች ቀረቡ። በዓሎቻችን የሕዝብ በዓል ይሁኑ፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በጀትና ነፃነት ያግኙ፤ ሙስሊሙ አገር አቀፍ ድርጅት ያቋቁም፤ የመሬት ባለቤት ይሁን፤ በአስተዳደሩ፣ በዲፕሎማሲው፣ በጦሩ ውስጥ ቦታ ይኑረው፤ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ። ከነዚህ ጋር አንድ ጥያቄ አለች፤ ስትነበብ ቀላል ትመስላለች፣ ለእኛ ግን የሁሉም እናት ናት። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አትበሉን፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» በሉን የምትለዋ። ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ሰልፉ ከሰማይ አልወረደም። ከየካቲት ጀምሮ አገሩ ይናወጥ ነበር። መምህራኑ፣ ባለታክሲዎቹ፣ ወታደሮቹ፣ ሠራተኛው በየተራ ተነሥተዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ቀሳውስት ሳይቀሩ የደመወዝ ጥያቄ አንሥተዋል። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወርዶ ነበር፤ አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ኮሚሽንም ተሰይሟል። ሕግ እንደገና ሲጻፍ ዝም ያለ ሰው በኋላ የሚያማርርበት አፍ እንደማይኖረው አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ። ከሰልፉ በፊት በነበረው ሕግ እኩልነት አልነበረም ወይ? በወረቀት ላይ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ38ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያውያን በሲቪል መብታቸው እንዳይበላለጡ ይደነግጋል። «አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አባባልም በዘመኑ የታወቀ ነው፤ አባባሉ ራሱ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ያው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ሃይማኖት እንደሆነችና በመንግሥት እንደምትደገፍ ይናገራል። አንዱ ሃይማኖት የመንግሥት ከሆነ በኋላ «የግል» የሚሆነው የማን ሃይማኖት ነው? የሌሎቻችን ብቻ።

በእኩልነትና በፍትሐዊነት መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ከበዓል የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ቀን ከቀረ ይጠየቃል፤ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። በገናና በፋሲካ ቢሮው ስለሚዘጋ አሕመድም ተስፋዬም ቤታቸው ይውላሉ። በዒድ ቀን ግን ያን ጊዜ ቢሮው ክፍት ስለነበረ ሁለቱም ሥራ መግባት ነበረባቸው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ደንቡ አሕመድን ከተስፋዬ አላበላለጠም። አንድ ቀን እንኳን ተጨማሪ አላሠራውም። ቢሆንም አሕመድ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሰላቱና ከእንጀራው አንዱን ሊመርጥ ይገደድ ነበር፤ ተስፋዬ ግን ይህ ምርጫ መኖሩንም አያውቅም ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ ካላንደሩ ግን ሲሠራ አንዱን ብቻ አይቶ ነው የተሠራው። እኩልነት «ለሁለቱም አንድ ደንብ» ሲል፣ ፍትሐዊነት «ደንቡ ሲወጣ የማንን ኑሮ አየ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በመድረሳ ዐረብኛ የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ። «ዐድል» ከሚለው ቃል ሥር «ዒድል» ይገኛል፤ በግመል በአንዱ ጎን የሚጫን ግማሽ ጭነት ማለት ነው። አንዱ ጎን ካዘነበለ ግመሉ አይሄድም። «ቂስጥ» ደግሞ ድርሻ ማለት ነው። የአል-ሑጁራት ሱራ 9ኛ አንቀጽ የተጣሉ ሰዎችን ስለማስታረቅ ሲናገር ሁለቱንም ጎን ለጎን ያነሣል፤ ሚዛን መጠበቅም አለ፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን መስጠትም አለ። ያው ሱራ 13ኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ሰው በሕዝብና በጎሳ መለያየቱ ለመተዋወቅ እንደሆነ ይናገራል። ብዝኃነትን በሥልጠና ወረቀት ላይ የምታነቡት ሁሉ ይህን ሱራ እንደገና ቅሩት።

የትምህርቱ ነገርም እንደ በዓሉ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ለሙስሊም ልጅ በሕግ አልተዘጋም። ብዙ ወላጆቻችን ግን በግብረ ገብ ስም የሚሰጠውን ትምህርት ፈርተው ልጆቻቸውን አላኩም፤ ቁርኣን ቤት የቀራ ልጅ ደግሞ ማትሪክ አይወስድም። ከዚያ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ሲቀጥር «ዲፕሎማ ያለው ይምጣ» ይላል፤ ለሁሉም አንድ መስፈርት ነው። ሙስሊሙ ወደ ንግድ የገባው ንግድ ስለሚወድ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ አያውቁም። መሬት ላይ ድርሻው ጠባብ ነበር፣ ቢሮ ላይም እንዲሁ፤ የቀረው ሱቅ፣ ሽመናና የበቅሎ ጭነት ነበር። ይህን ስንል ግን አናጋንን። በጅማ፣ በሐረር፣ በወሎ መሬት የነበራቸው ሙስሊም ባላባቶች ነበሩ። ከደቡቡ ጭሰኛ ጋር በአንድ ቀንበር የተጠመደ ስንት ደሃ ክርስቲያን ገበሬም ነበር።

ወደ ስሟ ጥያቄ እንመለስ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚለው አጠራር ስድብ አልነበረም፤ አብዛኛው ሰው ያለ ክፋት ይለው ነበር። ክብደቱ ግን ታሪክ ለሚያውቅ ግልጽ ነው። በ1660 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ ተገደዱ፤ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፣ ሼኽ ጠልሓ ብን ጀዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። ይህን የምናነሣው ቁስል ለመፈተግ አይደለም፤ የዛሬው ጎረቤታችን የዚያን ዘመን ዕዳ ተሸካሚ አይደለምና። የምናነሣው «የሚኖሩ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ለማሳየት ነው። የሚኖር ሰው ሊለቅ ይችላል። ተከራይም ይኖራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማይወዱት አንድ ሐሳብ አለን። የነጃሺን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን፤ ሶሓቦቹ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ፣ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፣ ንጉሡ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም። ተጠያቂው ሳይሰማ አይፈረድም፣ ፍርድ በስጦታ አይገዛም፤ የፍትሕ ትምህርት ከዚህ በላይ የለም፣ አልሐምዱ ሊላህ። ነገር ግን በየመድረኩ ይህ ታሪክ ሲጠቀስ ልብ ብላችኋል? «እንግዳ ተቀባይ ነን፣ ሙስሊሞችን ያስጠለልን ነን» ተብሎ ነው የሚያልቀው። ስለ ሶሓቦቹ ከሆነ እውነት ነው፤ እነርሱ እንግዶች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ተመልሰዋል። የወሎ ገበሬ፣ የሐረር ነጋዴ፣ የአፋር አርብቶ አደር፣ የስልጤ ሸማኔ ግን ማን አስጠልሎት ነው? ከየት መጥቶ ነው? የዚህችው አገር ልጅ ነው። ለእንግዳ የሚሰጠው መስተንግዶ ነው፤ ባለቤት ግን መስተንግዶ አይለምንም፣ ድርሻውን ነው የሚጠይቀው። የ1966ቱ ሰልፈኞች ከመቻቻል አልፈው ብዝኃነትን ጠየቁ የምንለው ለዚህ ነው። መቻቻል ማለት አንተን ችዬህ እኖራለሁ ነው፤ ብዝኃነት ግን ቤቱ ሲሠራ አንተም ነበርክ ማለት ነው።

መንግሥት በዚያ ዘመን ምንም አላደረገም ማለታችን አይደለም። በ1961 የታተመው የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም በንጉሡ ፈቃድና ድጋፍ የተሠራ ነው፤ ከተርጓሚዎቹ መካከል ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ ይገኛሉ። ሥራው ትልቅ ነው፣ አላህ ይቀበላቸው። ቢሆንም ልግስና ነበር፤ ሰጪው ሲፈልግ የሚሰጠው፣ ሳይፈልግ የሚተወው። መብት እንደዚያ አይደለም።

የቃዲ ፍርድ ቤቶቹ ታሪክም ይህን በደንብ ያሳያል። ከጣሊያን ወረራ ማግስት መንግሥት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አውቆ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1936 በወጣው አዋጅ ቁጥር 62 ደግሞ ከናኢባ እስከ ሸሪዓ ይግባኝ ሦስት ደረጃ ተሰጣቸው፤ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስና ወቅፍ ይዳኙ ነበር። ከዚያ በ1952 ፈረንሳዊው ሬኔ ዴቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ሕጉ በ3347ኛው አንቀጽ፣ በውስጡ የተሸፈኑ ጉዳዮችን በተመለከተ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሕጎችና ልማዶች ሁሉ ሻረ። ጋብቻም ውርስም ተሸፍነዋል። ታዲያ ቃዲዎቹስ? አልተዘጉም፣ አልተፈቀዱም። ሲፈርዱ ኖሩ፤ የሚፈርዱበት ሕግ ግን በወረቀት ላይ ተሽሯል። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት በማንኛውም ቀን «ማን ፈቀደልህ?» ሊባል ይችላል። ሰልፈኞቹ በጀትና ነፃነት ያሉት ለዚህ ነበር። መልሱ በሕግ የተሟላው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት እንደሚቻል ደነገገ፣ በ1992 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናከረ። «በፈቃድ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። የማይፈልግ ሙስሊም ወይም ሙስሊማ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ብዝኃነት በማኅበረሰቦች መካከል ብቻ ሳይሆን በማኅበረሰቡ ውስጥም እንዳለ ሕጉ አውቋል ማለት ነው።

አራተኛው ቃል ማኅበራዊ ፍትሕ ነው። ክርስቲያኖቹ በሚያዝያ 12 ለምን አብረው ወጡ? በዒድ ቢሮ ቢዘጋ እነርሱ ምን ይጠቀማሉ? መልሱን ለማግኘት ያን ጊዜ ወሎና አፋር ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። በ1965 ረሃብ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ደብቆ ነበር። አማርትያ ሴን የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሳተሙት የታወቀ ጥናታቸው ይህን ረሃብ መርምረዋል። ያገኙት የሚያስደነግጥ ነው፤ በአገር ደረጃ የምግብ መጠን ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፣ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንኳ በጣም አልናረም፣ ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢም እህል ይወጣ ነበር። ሰው የሞተው በአገሩ እህል ጠፍቶ አይደለም፤ ማሳው ሲደርቅበት የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። የአፋሩ ደግሞ ከድርቁ በፊት ሌላ ነገር አጥቶ ነበር፤ በአዋሽ ዳር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ምርጥ መሬት ለተንዳሆና ለሌሎች የጥጥ እርሻዎች ተሰጥቷል። ዝናብ ሲቀር የሚሸሽበት የለውም። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ሙስሊም በመሆናቸው ግን አልሞቱም፣ ደሃና ድምፅ አልባ በመሆናቸው እንጂ። የመሬትን ጥያቄ የተማሪው እንቅስቃሴ ከ1957 ጀምሮ ሲያነሣ የኖረውም፣ ሙስሊሙ ከ13ቱ አንዱ ያደረገውም በዚህ ምክንያት ይገናኛሉ። ማኅበራዊ ፍትሕ ማለት ይሄ ነው፤ የአንዱ ማኅበረሰብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ «ሀብቱና ሥልጣኑ እንዴት ይከፋፈላል?» ሲባል።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። የልጅ እንዳልካቸው መንግሥት ሳይመልስ በሐምሌ ወደቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። በዚያው ዓመት ደርግ ዒድ አል-ፊጥርን፣ ዒድ አል-አድሓንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረገ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ ጭሰኝነትም ቀረ። በ1968 መጅሊስ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው መሪም ቁርኣኑን ከተረጎሙት አንዱ ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ! ነገር ግን ያው መንግሥት ጥቂት ቆይቶ ሐጅን አጠበበ፣ የሃይማኖት መጻሕፍት እንዳይገቡ ከለከለ። በዓሉ የእኛ ሆኖ ድርጅቱ የእኛ አልሆነም። መጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነቱን የሚያረጋግጥ የራሱ አዋጅ ሳይኖረው ከ40 ዓመት በላይ ቆየ፤ በ2004 ከአወሊያ የተነሣው «ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የመጅሊስ ምርጫ መሆኑ ሊገርመን አይገባም። ሕጋዊ ሰውነቱ በአዋጅ የተረጋገጠው በ2012 ነው። የ1966ቱ ወረቀት ላይ «ድርጅት እናቋቁም» ያለው ወጣት ያን ጊዜ 20 ዓመቱ ከነበረ፣ አዋጁ ሲወጣ 66 ሆኖታል።

እስካሁን ያወራነው መንግሥት ለእኛ ስላለበት ነው። ቂስጥ ግን በአንድ በኩል ብቻ የሚጠየቅ ዕዳ አይደለም፤ በኛም ታሪክ ውስጥ የማንሸፍናቸው ነገሮች አሉ። በጅማ መንግሥት፣ በሙስሊም ገዥዎች ሥር፣ የሂርማታ ገበያ የታወቀ የባሪያ ገበያ ነበር። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን «ዘሩ እንዲህ ነው» ብሎ ከጋብቻና ከማዕድ ማራቅ በሙስሊሙም መንደር ኖሯል፤ በአንዳንድ ቦታ ዛሬም አለ። ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆሞ፣ ሰላት ሲያልቅ ልጄን አልሰጥም የሚል ሰው ስለ 38ኛውና ስለ 126ኛው አንቀጽ ምን ብሎ ይናገራል? እርሱም በወረቀት እኩል አድርጎ በኑሮ የለየ ነው።

ውርስን ደግሞ እንንገራችሁ፤ በመስጂድ በየጊዜው የሚገጥመን ጉዳይ ነውና። የኒሳእ ሱራ 7ኛ አንቀጽ ሴቶች ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ጥቂትም ይሁን ብዙ ድርሻ እንዳላቸው ያረጋግጣል። በብዙ ገጠሮቻችን ግን ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት ጨርሶ አትወርስም፤ የሚከለክላት ሸሪዓው ሳይሆን ልማዱ ነው። ወንድሞቿ ፊት «የአላህ ሕግ» ይላሉ፣ ድርሻዋ ሲሰላ ግን ሽማግሌ ይጠራሉ። ዓሊሞቻችን ወንድ ልጅ ሁለት እጅ የሚወስደው የቤተሰቡ ወጪ በእርሱ ላይ ስለተጣለ እንደሆነ ያስተምራሉ። የፍትሐዊነት ስሌት ነው፤ ድርሻው ከሸክሙ ጋር ይመዘናል። እንግዲህ ሁለቱን እጅ ወስዶ፣ ባሏ የሞተባትን እህቱን ቀለብ ሳያስብ አዲስ አበባ ፎቅ የሚሠራውን ወንድም ምን እንበለው? ስሌቱን ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው።

በቅርቡ አንዲት እናት እንዲሁ መጥተው ነበር፤ ከአባታቸው የቀረ የቡና መሬት አለ፣ ሦስት ወንድሞች አሉ። እንዲህ ላሉ ሰዎች የምንነግራቸው አንድ ነው፤ ሁለት በር አለላችሁ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም መደበኛውም፣ ምርጫው የእናንተ ነው። የሸሪዓውን መረጡ። ወንድማማቾቹ መጥሪያው ደርሷቸዋል፤ ታናሹ ደውሎ «ድርሻዋን ሳንሟገት እንለካላት» ብሏል፣ ሁለቱ ገና አልመለሱም።